አስቸኳይ! ቀለሙ ከሮለሩ ጋር እየተላጠ ነው፣ እሑድ ክርስትና አለብኝ

የማሚቱ አባት፦
ሰላም ቤተሰብ። ሮለሩን በአንድ እጄ ይዤ ነው የምጽፍላችሁ። መኝታ ቤቱን ክሬም ቀለም እየቀባሁ ነው። የመጀመሪያው እጅ ቅብ ደህና ነበር። ሁለተኛውን ስጀምር ቀለሙ ከግድግዳው እየተነሳ እንደ እንጀራ ሮለሩ ላይ ይጠቀለላል። አንዳንድ ቦታ ደግሞ ተነፍቷል። እሑድ የልጄ ክርስትና ነው። ባለቤቴ እናቷ ቤት ናት፣ ሳታውቅ ቀብቼ ላስደንቃት ነበር። ዛሬ ሐሙስ ነው። ምን ይሻለኛል?

ዝም ብሎ አንባቢ፦
መደነቋ አይቀርም።

እመት ጎፋ፦
በኦሞ እጠበው።

ጋሽ ብሩሽ፦
ልጄ፣ እኔ ይህን ሥራ የጀመርኩት አንተ ሳትወለድ ሳይሆን አይቀርም። የአሁን ልጆች ቀለም መቀባት ማለት ክዳን ከፍቶ ማንከባለል ይመስላችኋል። ቀለም እኮ የመጨረሻው ሥራ ነው። መጀመሪያ ይፋቃል። ይታጠባል። ቀዳዳው በስቱኮ ይደፈናል። ስቱኮው ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። አቧራው በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። ከዚያ ፕራይመር፣ ማለትም ቀለሙን የሚያሲዘው የሥር ቅብ፣ ከዚያ ቀለም። እኔን ያስተማረኝ ሰውዬ ሦስት ወር ሙሉ ግድግዳ ሲያስፍቀኝ ከርሞ ነው ብሩሽ ያስያዘኝ። ለመሆኑ ከሥሩ ምን ነበር? ኖራ ነው? ዘይት ቀለም ነው? ይህን ሳትነግረን ማን ምን ይበልህ?

አራተኛ ፎቅ፦
ጋሼ ይቅርታ፣ ችግሩ ቀለሙ አይደለም። ይህ የውሃ ስርገት ነው። ከላይህ ያለው ሰውዬ የሻወር ቧንቧው ያፈሳል። እኔ ሁለት ጊዜ አስቀብቼ ሁለቴም ተላጠ። በኋላ ሲታይ ቧንቧው ነበር። ሂድና በሩን አንኳኳ።

የማሚቱ አባት፦
ከላዬ ድመት ብቻ ነው ያለው። የቆርቆሮ ቤት ነው የተከራየሁት። ከሥሩ አረንጓዴ፣ የሚያብለጨልጭ ቀለም ነበር። አሮጌ ነው። ንጹሕ ስለነበር ዝም ብዬ በላዩ ቀባሁበት።

ጋሽ ብሩሽ፦
በል ተገኘ። የሚያብለጨልጨው ዘይት ቀለም ነው። የውሃ ቀለም በእሱ ላይ የሚይዘው ነገር የለውም፣ ብርጭቆ ላይ እንደ መቀባት ነው። መጀመሪያ ማሻከር ነበረብህ።

ማታ ማታ ቀቢ፦
እኔ ሌላ ጥያቄ አለኝ። በሁለቱ እጅ መካከል ስንት ሰዓት ጠበቅክ? ቀለሙንስ ምን ያህል አቀጠንከው?

የማሚቱ አባት፦
አርባ ደቂቃ ያህል። ሲነካ ደርቆ ነበር እኮ! የገዛሁት አንድ ጋሎን ነው። እንዲበቃኝ ውሃ ጨመርኩበት። ትንሽ በዛ መሰለኝ።

ማታ ማታ ቀቢ፦
ሲነካ መድረቅና ሁለተኛ እጅ መሸከም ይለያያል። ክረምት ነው፣ ግድግዳው ቀዝቃዛ ነው። የጣሳውን ጽሑፍ አንብብ፣ እሱ ከሚለው በላይ ጠብቅ። እኔ ብሆን አሳድረዋለሁ። ቀለሙንም አስላው። ክፍልህ አራት በአራት፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር ተኩል ቢሆን ግድግዳው 40 ካሬ ነው። አንድ ሊትር ወደ 10 ካሬ ይሸፍናል። ስለዚህ ጋሎንህ ለአንድ እጅ ብቻ ነው የሚበቃው። ውሃ የቀረውን አይሞላልህም። ውሃ ሲበዛ ቀለሙን ግድግዳው ላይ የሚያጣብቀው ማያያዣ ይሳሳል፣ ከዚያ ይላጣል።

ሰላም ከቨርጂኒያ፦
እኔ ቤቴን በሙሉ ራሴ ነው የቀባሁት። እርጥበት የሚመጥ ማሽን ክፈትና በር ዝጋ፣ ጠዋት ደርቆ ታገኘዋለህ።

ዝም ብሎ አንባቢ፦
እኛ ጋ እርጥበት የሚመጠው ጋቢ ነው።

የቀጨኔ ልጅ፦
ማሽን ምን ያደርጋል? ከሰል አቀጣጥለህ አስገባና በሩን ዝጋው።

ማታ ማታ ቀቢ፦
ኧረ በስመ አብ! ማንም ይህን እንዳያደርግ። የከሰል ጭስ በተዘጋ ቤት ሰው ይገድላል። ቀለሙም በድንገት ሲሞቅ ይነፋል። መስኮት ክፈት፣ በቃ።

እመት ጎፋ፦
በኦሞ እጠበው እያልኩህ።

ነርሷ፦
ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልበልህ። አሮጌውን አረንጓዴ በደረቁ እንዳትፈገፍገው። አሮጌ ዘይት ቀለም እርሳስ፣ መርዛማውን ብረት ማለቴ ነው፣ ሊኖረው ይችላል። አገራችን በቀለም ውስጥ ያለውን እርሳስ ከሚሊዮን 90 እንዳይበልጥ የወሰነችው በ2018 እ.ኤ.አ. በወጣው ደንብ ነው። ያንተ ከዚያ በፊት የተቀባ ሊሆን ይችላል። አቧራው ለሕፃን አደገኛ ነው። ግድግዳውን በውሃ እያረጠብክ አሻክር፣ አፍንጫህን ሸፍን፣ ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ጥረግ። አራሷና ልጇም ሽታው ሳይወጣ እዚያ ክፍል እንዳያድሩ።

ጋሽ ብሩሽ፦
ልጅቷ ልክ ናት። እንግዲህ እንዲህ አድርግ። የተነሳውን በስፓቱላ ፍቀው። ያልተነሳው ላይ ፕላስተር ለጥፈህ በአንዴ ንጠቀው፣ ቀለሙ አብሮ ከመጣ እሱም ይፋቃል። የሚያብለጨልጨውን እያረጠብክ አሻክረህ እጠብ። ነገ ሲደርቅ ፕራይመር ቀባ፣ ስትገዛም ለዘይት ቀለም ላይ የሚሆነውን ብለህ ጠይቅ። ቅዳሜ አንድ እጅ፣ ሳይቀጥን። አራቱንም ግድግዳ እደርሳለሁ አትበል። እንግዳ ገና ሲገባ የሚያየውን አንዱን ጨርስ፣ ሌላው መጋረጃ ይለብሳል።

እመት ጎፋ፦
«አሻክረህ እጠብ»። በምን ይታጠባል? በኦሞ! እኔ ያልኩት ሌላ ምን ነበር?

የማሚቱ አባት፦
እግዜር ይስጣችሁ። መፋቅ ጀመርኩ፣ አረንጓዴው እንደ ነብር ዥጉርጉር ሆኗል። ባለቤቴ ደግሞ አሁን ደወለች። ልብስ ልወስድ ማታ ብቅ እላለሁ አለች።

ዝም ብሎ አንባቢ፦
ሮለሩን ይዘህ ጥፋ።

ማታ ማታ ቀቢ (ሰኞ)፦
ክርስትናው እንዴት ነበር? ግድግዳው ያዘ?

አራተኛ ፎቅ (ረቡዕ)፦
ሰውየው ጠፋ። እኔም ላስቸግራችሁ። የኩሽናዬ ኮርኒስ በጭስ ቢጫ ሆኗል። በነጭ ብቀባውም ቢጫው ተመልሶ ይወጣል። ምን ይሻላል?

እመት ጎፋ፦
በኦሞ እጠበው።