ፕሮጀክታችን ሰው በዛበት፣ ቁልፉ ግን አንድ ልጅ ጋ ነው፤ ደንብ ከየት እንጀምር?

የኪቶ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ከጅማ ነኝ። ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ እያለን እኔና ሶስት ጓደኞቼ ለዋይፋይ ቤቶች የሚሆን ሶፍትዌር ጀምረን ነበር፣ ኦፕን ደብሊው አር ቲ (ለራውተር የሚሆን ክፍት ሶፍትዌር) ያለበት ራውተር ላይ ይጫናል፣ የሰዓት ካርድ ያወጣል፣ ፍጥነቱን ለተጠቃሚው ያካፍላል፣ መብራት ሄዶ ሲመጣም የቀረውን ሰዓት አይረሳም። ኮዱን በጂፒኤል (ማንም አይቶ እንዲቀይረውና እንዲያካፍለው በሚፈቅድ ፈቃድ) ክፍት አድርገን ስንለቀው ያሰብነው ለፈረንጅ አራዳና ለመርካቶ ካፌዎች ነበር፣ አሁን ግን ከአጋሮም ከመቱም ከአዲስ አበባም ፓች (የኮድ ማስተካከያ) የሚልኩ ልጆች አሉ፣ 14 ደርሰናል።

ችግሩ ሪፖውም (ኮዱ የተቀመጠበት) ዶሜኑም (የድረገፅ አድራሻችን) አፕዴት የሚወርድበት ሰርቨርም በአንዱ ጓደኛችን ስም ነው። ልጁ ጎበዝ ነው ክፋትም የለውም፣ ግን ስራ ይዞ ሌላ ከተማ ሄደና ክረምት ላይ አምስት ሳምንት ሙሉ ጠፋ። በዛ መሀል ያለ ካርድ የሚያስገባ ቀዳዳ ተገኘ፣ ማስተካከያው በአንድ ቀን ተፃፈ፣ መርጅ የሚያደርግ፣ ማለትም ዋናው ኮድ ውስጥ የሚያስገባው ሰው ግን የለም። የዋይፋይ ቤት ባለቤቶች ሲደውሉልኝ የምመልሰው አጣሁ፣ የምሬን ነው እንቅልፍ አልነበረኝም። ልጁ አሁን ተመልሶ ይቅርታ ጠይቋል፣ እሱም ጭምር ደንብ ይኑረን እያለ ነው። ማነው ድምፅ የሚሰጠው? ደሞ አንድ ድርጅት በየወሩ ብር ልስጣችሁና ምን እንደሚሰራ እኔ ልወስን ብሎናል፣ እሱስ?

ፋየርዎል፦
ወንድሜ በናንተ አልተጀመረም፣ የምትሰሩበት ኦፕን ደብሊው አር ቲ ራሱ በዚህ ተፈትኗል። በፈረንጆቹ 2016 ብዙ የሰሩ ልጆች ተለይተው ሊዲ በሚል ስም ፎርክ አድርገው (ኮዱን ቀድተው ለብቻ ጀምረው) ወጡ፣ ፀቡ ኮድ ላይ አልነበረም፣ ውሳኔ የት እንደሚወሰን አይታይም፣ ሰርቨር ሲወድቅ የሚያነሳው ሰው አይገኝም ነው ያሉት። 2018 መጀመሪያ ላይ ተስማምተው ተቀላቀሉ፣ ስሙ የድሮው ሆነ ደንቡ ግን የወጡት ልጆች ደንብ። አጭር ነው፣ ፈልጋችሁ አንብቡት። ኮሚት የማድረግ (ዋናው ኮድ ላይ ለውጥ የማስገባት) መብት ያለው ሁሉ እኩል ድምፅ አለው፣ በአብላጫ ይወሰናል፣ የተወሰነውም ለሁሉ ሰው ይፋ ይሆናል፣ ደንቡን ለመቀየር ሁለት ሶስተኛ ያስፈልጋል። ለናንተ ግን ዋናው ይሄ ነው፣ ሶስት ወር በተከታታይ የጠፋ ሰው ኮሚቱም ድምፁም ይነሳል፣ ፕሮጀክቱ ራሱ የሚይዘው ሰርቨር ደግሞ ቢያንስ ሶስት አድሚን ይኖረዋል። የናንተ ልጅ የጠፋው አምስት ሳምንት ነው፣ ስለዚ የመጀመሪያው አንቀፅ አያድናችሁም ነበር፣ ሁለተኛው ግን በዛው ቀን ያድናችሁ ነበር።

የእድር ፀሐፊ፦
ልጆቼ እኔ ኮድ አልፅፍም፣ መስሪያ ቤት ውስጥ ኔትወርክ ነው የምጠግን፣ እዚሁ ጅማ የሰፈራችን እድር ፀሐፊ ነኝ። አንድ ጊዜ ገንዘብ ያዣችን በድንገት አረፉ፣ ነፍሳቸውን ይማርና እጅግ ታማኝ ሰው ነበሩ፣ ግን ባንክ ያለው ብር የሚወጣው በሳቸው ፊርማ ብቻ ነበር። እሳቸውን ለመቅበር ከየቤቱ አሰባስበን ነው ድንኳን የተተከለው። ከዛ ወዲህ ፈራሚ ሶስት ነው፣ ሁለቱ ካልፈረሙ ብር አይወጣም። ይሄን ያደረግነው ማንንም ጠርጥረን አይደለም። ለጓደኛችሁም እንደዚህ ብላችሁ ንገሩት፣ ቁልፍ አምጣ ሲባል ልቡ እንዳይሰበር፣ የመጀመሪያውን መስመር የፃፈ እሱ ነውና።

ሂርማታ፦
ጋሼ ያሉት ልክ ነው። እኔ የምፈራው ብሩን ነው። ድርጅቱ ይስጥ፣ ይመስገን፣ ግን የሚፈልገውን ነገር እንደማንኛውም ሰው ፓች ልኮ ያስገመግም፣ ድምፅ በብር አይገዛም ብላችሁ ፃፉ። ፓይተንን (የፕሮግራሚንግ ቋንቋውን) እዩ፣ መስራቹ 2018 ላይ ከመሪነት ሲለቅ አምስት ሰው ያለበት ምክር ቤት አቋቋሙ፣ ከአንድ ቀጣሪ ከሁለት ሰው በላይ እንዳይገባ ከልክለዋል። እናንተ ግን አሁን ምክር ቤት ምናምን አያስፈልጋችሁም፣ 14 ሰው ናችሁ ኮሚት የሚያደርጉት ሁሉ ድምፅ ይስጡ በቃ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ቴሌግራም ላይ የተወሰነ ነገር በሁለተኛው ቀን ማንም አያገኘውም፣ ውሳኔውን ሪፖው ውስጥ ፋይል አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በአፋን ኦሮሞም። ከአጋሮ ፓች የሚልከው ልጅ ደንቡን በሚቀለው ቋንቋ ካላነበበው እንዴት ነው ደንቡ የሱም የሚሆነው?

የኪቶ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ጋሼ የነገሩንን ለጓደኛዬ አነበብኩለት፣ ዝም ብሎ ቆየና ላፕቶፑን ከፈተ፣ ሪፖው ላይ እኔንም አድሚን አደረገኝ፣ የዶሜኑን እየጨረስን ነው። ለድርጅቱ ሂርማታ ያለችውን መልሰናል፣ እስካሁን አልመለሱም፣ ቢቀርም ይቅር። አፋን ኦሮሞውን የአጋሮው ልጅ ራሱ እፅፋለሁ ብሏል። አሁን የቀረን ሶስተኛው ቁልፍ ያዥ ነው፣ እዚህ መብራትም ኔትወርክም አንድ ላይ ሲጠፋ ሁላችንም አብረን ስለምንጠፋ ከጅማ ውጪ ይሁን ብለናል። ፓች ልካችሁ ከምታውቁ ከመቱ ወይ ከአዲስ አበባ ፈቃደኛ ካለ እዚሁ ይፃፍልኝ።