የአፅም ምርመራ ሪፖርት ላይ «ዕድሜ ከ35 እስከ 55» ሲል ምን ማለት ነው?

ጀማሪዋ ጠበቃ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ሥራ ከጀመርኩ ገና ዓመት ያልሞላኝ የሕግ ባለሙያ ነኝ። በያዝነው ጉዳይ ውስጥ የአንድ ሰው አፅም ምርመራ ሪፖርት አለ። ሟቹ ማን እንደሆነ ገና አልታወቀም። ዝርዝሩን እዚህ መጻፍ አልችልም፤ ግን ሪፖርቱ ግራ አጋብቶኛል። «ወንድ ሳይሆን አይቀርም» ይላል። «ዕድሜ ከ35 እስከ 55፣ ቁመት ከ162 እስከ 175 ሴንቲ ሜትር» ይላል። ስለ አሟሟቱ የተጻፈው ደግሞ «በሞት ጊዜ አካባቢ የደረሰ የራስ ቅል ስብራት» የሚል ብቻ ነው።

ባልደረባዬ አንብቦት «ይሄማ ምንም አልነገረንም» አለኝ። እውነት ውጤቱ እንዲህ ሰፊ ነው የሚሆነው? ወይስ ሥራው በደንብ አልተሠራም? ባለሙያው ችሎት ቀርቦ ሲመሰክርስ ምን ልጠይቀው?

ነጭ ጓንት፦

እህቴ፣ ሪፖርቱን ሳላይ ጥሩ ነው ወይም መጥፎ ነው ልልሽ አልችልም። ሰፊ መሆኑ ብቻውን ግን ጉድለት አይደለም። 14 ዓመት አፅም ስመረምር ቆይቻለሁ። እኔን የሚያስፈራኝ ጠባቡ ነው።

አፅም ሲመጣልን መጀመሪያ የምንጠይቀው ስለ ዕድሜ አይደለም። የሰው ነው ወይ? የስንት ሰው ነው? የቅርብ ጊዜ ነው ወይስ የድሮ? ቆዳውና ጥፍሩ የወለቀ የድብ መዳፍ የሰው እጅ ይመስላል። የሞት ጊዜ ላይ ደግሞ ትልልቆቹም ተሳስተዋል። እ.ኤ.አ. በ1977 ታዋቂው አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት (እንደኔ አፅም መርማሪ) ዊሊያም ባስ ቴነሲ ውስጥ የተገኘ አንድ አስከሬን መርምሮ «ከሞተ ዓመት አይሞላውም» አለ። ሟቹ በ1864 በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተገደለ መኮንን ሆኖ ተገኘ። አስከሬኑ እንዳይፈርስ መድኃኒት ተደርጎለት በብረት ሣጥን ስለተቀበረ ሥጋው ገና ቀላ ያለ ነበር። ባስ የ113 ዓመት ስህተቱን አልደበቀም። አስከሬን ሜዳ ላይ እንዴት እንደሚፈርስ የሚጠናበትን የቴነሲ ዩኒቨርሲቲ ማዕከል የከፈተው ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። «ወንድ ሳይሆን አይቀርም» ካለ፣ ዳሌው ተገኝቶ ነበር ወይ ብለሽ ጠይቂ። ፆታ በደንብ የሚለየው በዳሌ ነው። ሁለቱ የዳሌ አጥንቶች ከፊት ከሚገናኙበት በታች ያለው ማዕዘን በሴት ሰፊ፣ በወንድ ጠባብ ነው። ዳሌ ከሌለ የቅንድቡን አጥንትና ከጆሮ ጀርባ ያለውን ጉብታ እናያለን። እሱ ግን ያሳስታል፤ ፊቱ ለስላሳ የሆነ ወንድ፣ ጠንከር ያለች ሴት አለች።

ዕድሜ ላይ ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅና ወጣት ከሆነ ጥርሱ የበቀለበትን ደረጃና የአጥንቶቹ ጫፎች መገጣጠማቸውን አይተን በጣም እንቀርባለን። መጨረሻ የሚገጥመው ከትከሻ ወደ ደረት የሚሄደው አጥንት ነው፤ በደረት በኩል ያለው ጫፉ እስከ ሃያዎቹ መጨረሻ ይቆያል። ከዚያ በኋላ የምናነበው እርጅናን ነው፤ እርጅና ደግሞ ለሁሉም እኩል አይመጣም። በብዙ ላቦራቶሪዎች የሚሠራበት የሱቼና ብሩክስ ዘዴ ዳሌው ከፊት የሚጋጠምበትን ገጽ በ6 ደረጃ ይከፍለዋል። በወንዶች አራተኛው ደረጃ ከ23 እስከ 57 ዓመት ይደርሳል። አማካዩ 35 ገደማ ነው። ባለሙያው 35ን ብቻ ቢጽፍልሽ ደስ ይልሽ ነበር፤ ግን አታሎሻል።

ይህን የምልሽ ስለደረሰብኝ ነው። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ መርማሪው ስለቸኮለ «ከ25 እስከ 30» ብዬ ጻፍኩ። የ41 ዓመት ሰው መዝገብ በዚያ ቁጥር ምክንያት ገና ከመጀመሪያው ወጣ። ሰውየው ስም የሌለው ሣጥን ሆኖ መደርደሪያ ላይ 9 ወር ቆየ። የተገኘው በቁጥር አይደለም፤ በልጅነቱ ተሰብሮ ጠሞ በገጠመ ክንዱ ነው። እናቱ ክንዱን ታስታውስ ነበር። ማንም አልጠየቃትም። ከዚያ ወዲህ ሰው አስቸኩሎኝ ቁጥር አጥብቤ አላውቅም።

ቁመቱ በቀመር ነው። እ.ኤ.አ. የ1952ቱ የትሮተርና ግሌሰር ቀመር የጭን አጥንትን ርዝመት በ2.38 አባዝቶ 61.41 ይደምራል። አጥንቱ 45 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 168.5 ይመጣል። የስህተቱ መለኪያ 3.27 ነው። እሱን በእጥፍ ወደ ታችም ወደ ላይም ስትወስጂ 162 እና 175 ታገኛለሽ፤ ያንቺ ሪፖርት ቁጥር ልክ ይኸው ነው። ቀመሩ ግን የተሠራው ከነጭ አሜሪካውያን ወንዶች ነው። ሟቹ ከሌላ ሕዝብ ከሆነ የእግርና የቁመት ምጣኔው ይለያያል። «የትኛውን ቀመር ተጠቀሙ? ለምን?» በያቸው።

የጥርስ ራጅ፦

የጥርስ ሐኪም ነኝ፤ አንድ ነገር ልጨምር። ዕድሜና ቁመት የሚያጠብቡት የጠፉ ሰዎችን መዝገብ ነው። ስም የሚሰጠው ንጽጽር ነው። ለንጽጽር ሰውየው በሕይወት እያለ የተነሣው ራጅ ያስፈልጋል። የጥርስ ሙሌት ቅርጽ፣ ከግንባር አጥንት ውስጥ ያለው ባዶ ቦታ፣ ሁለቱም ከሰው ሰው ይለያያሉ። አጥንት ውስጥ የገባ ብረት ካለ መለያ ቁጥር ሊኖረው ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1985 ብራዚል ውስጥ የናዚው ሐኪም የመንገሌ ነው የተባለ አፅም ሲወጣ፣ ባለሙያዎች የራስ ቅሉን ከፎቶው ጋር ደራርበው አይተው ነበር። ዲኤንኤ ያረጋገጠው በ1992 ነው። እና ሪፖርቱ ላይ ስለ ጥርስ የተጻፈ ነገር ካለ አትዝለዪው።

ጀማሪዋ ጠበቃ፦

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነጭ ጓንት፣ አንድ ልጨምርብዎት። «በሞት ጊዜ አካባቢ» ማለት ሲሞት ማለት ነው አይደል? ዐቃቤ ሕጉ እንደዚያ ነው የሚያነበው።

ነጭ ጓንት፦

አይደለም፤ እዚህ ላይ በደንብ ቁሚ። ስብራቱ ዳር ላይ አዲስ አጥንት መብቀል ከጀመረ ሰውየው ከተመታ በኋላ ቢያንስ ሳምንት ገደማ ኖሯል። ያ ምልክት ከሌለ፣ ስብራቱም እንደ እርጥብ እንጨት ከተሰነጠቀ፣ «በሞት ጊዜ አካባቢ» እንላለን። የደረቀ አጥንት ሲሰበር ዳሩ ሻካራ ነው፤ ቀለሙም ከቀሪው ይነጣል። ችግሩ አጥንት ሰው በሞተ ማግስት አይደርቅም። ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት እርጥብ ሆኖ ይቆያል። በዚያ መሃል ድንጋይ ቢወድቅበት ስብራቱ ተመሳሳይ ነው።

ጥይት ከሆነ ሌላ ነው። የራስ ቅል ላይ የገባበት ቀዳዳ ወደ ውስጥ እየሰፋ ይሄዳል፤ የወጣበት ወደ ውጭ። አቅጣጫውን በዚያ እናውቃለን። ያም ሆኖ የሞቱን ምክንያት የሚወስነው የአስከሬን ምርመራ ሐኪሙ ነው። እኛ አጥንቱ ላይ ያየነውን እንናገራለን። አንትሮፖሎጂስቱን «ይህ ስብራት ከሞት በኋላ ሊደርስ ይችል ነበር?» ብለሽ ጠይቂው። ደግሞ አፅሙን ማን አነሳው፣ አፈሩ በወንፊት ተነፍቷል ወይ፣ ከቦታው ሳይነሳ ፎቶ አለ ወይ? ከመሬት ሲነሳ የጠፋውን ላቦራቶሪ አይመልሰውም።

ጀማሪዋ ጠበቃ፦

አሁን ተመልሼ አነበብኩት። የመጨረሻው ገጽ ላይ በአንድ መስመር «የግራ ጎድን፣ ሁለት የቆዩ የገጠሙ ስብራቶች» ይላል። ሁላችንም አልፈነዋል። መዝገቡ ውስጥ ሟቹ የእኛ ሰው ነው የሚል አንድ ቤተሰብ አለ። ስለ ጎድኑ የጠየቃቸው ሰው ያለ አይመስለኝም። ነገ ጠዋት እደውልላቸዋለሁ።