ኪራይ ከነመብራቱና ከነውሃው ወይስ ለየብቻ? (ክርክር)

የክርክሩ መነሻ፦ በትልልቅ ከተሞች «ውሃ፣ መብራትና ማሞቂያ ኪራዩ ውስጥ ናቸው» የሚል የአፓርታማ ውል የተለመደ ነው። ሕግ ይህን ከልክሎ እያንዳንዱ ቤት በራሱ ቆጣሪ እንዲከፍል ማስገደድ አለበት?

ደመወዝተኛው፦ ለምን ተብሎ ይከለከላል? ገቢዬ በወር አንዴ ነው፣ ወጪዬም አንዴ ቢሆን ደስ ይለኛል። አከራዩ ለራሱ ጨመር አድርጎ እንደሚያስከፍለኝ አጥቼው አይደለም። የምከፍለው ድንገተኛ ቢል እንዳይመጣብኝ ነው።

አከራይዋ፦ አንተ ቆጣቢ ትሆናለህ፣ ሁሉም ግን እንዳንተ አይደለም። መስኮት ከፍቶ ማሞቂያ የሚያበራ ተከራይ ነበረኝ፤ ስጠይቀው «ኪራዩ ውስጥ አይደል እንዴ?» አለኝ። 2,000 ዋት ማሞቂያ በቀን 5 ሰዓት ሲሠራ 10 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ በወር 300። ያንን ከኪሴ የምሸፍን መሰለህ? በሚቀጥለው ውል ኪራዩ ላይ ይገባል፤ አንተም አብረኸው ትከፍላለህ።

ኤሌክትሪክ ሠራተኛው፦ እህቴ፣ እውነትሽን ነው። ግን ቆጣሪ ስለተገጠመ ብቻ ሂሳቡ ልክ ነው ማለት አይደለም። ቤት የምትከራዩ ሁሉ ይህን ሞክሩ፦ የቤታችሁን ብሬከሮች በሙሉ አጥፉና ቆጣሪው ጋ ሄዳችሁ ቁሙ። ዲስኩ መዞሩን ወይም ቀዩዋ መብራት ብልጭ ማለቷን ካላቆመች በእናንተ መስመር ላይ ሌላ ነገር ተቀጥሏል። የደረጃ መብራት ሊሆን ይችላል፣ የውሃ ፓምፕ ሊሆን ይችላል። ጎረቤትም አጋጥሞኛል።

አከራይዋ፦ እሱ ሌብነት ነው፣ ከጥያቄው ጋር ምን አገናኘው?

ጣሪያ ሥር፦ ማሞቂያን ከመብራት ጋር አትደባልቁት። በአንድ ማዕከላዊ ቦይለር በሚሞቅ ሕንፃ የመጨረሻው ፎቅ ሙቀቱ በጣሪያ ይሄድበታል፣ የማዕዘኑ ቤት ደግሞ በሁለት ግድግዳ። መሃል ያለው ሰውዬ የራሱን ዘግቶ ከላይም ከታችም ጎረቤት ያሞቀዋል! ሁሉም በፍጆታው ብቻ ይክፈል ከተባለ እኔ የምቀጣው በቤቴ አቀማመጥ ነው። ጀርመኖች ከ1981 ጀምሮ ያላቸው ደንብ ለዚህ ይመስለኛል ከማሞቂያው ወጪ ከ50 እስከ 70 በመቶውን በፍጆታ፣ ቀሪውን በአብዛኛው በቤቱ ስፋት የሚያከፋፍለው። ሙሉ በሙሉ በቆጣሪ አላሉም።

ሕግ አዋቂ ነኝ ባይ፦ ኒውዮርክ ደግሞ በሌላ በኩል ነው የመጣው። ከኦክቶበር 1 እስከ ሜይ 31፣ ቀን ላይ ውጭው ከ55 ፋራናይት ሲወርድ ቤቱ ቢያንስ 68 (20 ሴልሺየስ) መሆን አለበት። የሕጉ ጭንቀት ተከራዩ በብርድ እንዳይቀመጥ ነው። ቆጣሪ ያስገደድከው ቀን፣ አቅም ያጠረው ሰው ማሞቂያውን አጥፍቶ ልጆቹን በብርድ ልብስ ይጠቀልላል።

ደመወዝተኛው፦ ሌላም አለ። ቢሉ የኔ ከሆነ አከራዩ ርካሹን የሻወር ቦይለር ገጥሞ ይሄዳል። የኔን ገላውን በእጄ ስነካው ይሞቃል፤ ውሃውን ብቻ ሳይሆን ክፍሉንም እያሞቅኩ ነው ማለት ነው። ቢሉ የሱ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ቀይሮታል።

አከራይዋ፦ ውሃውስ? የሽንት ቤቱ ታንከር ላስቲክ ሲያረጅ ድምፅ ሳያሰማ በቀን በመቶዎች የሚቆጠር ሊትር ያፈሳል። የማይከፍል ተከራይ መች ደውሎ ይነግረኛል?

ደመወዝተኛው፦ የማትከፍል አከራይስ ሲነገራት መች መጥታ ታሠራለች?

አከራይዋ፦ 😂 እሺ፣ አንድ ለአንድ።

ኤሌክትሪክ ሠራተኛው፦ በኔ በኩል፣ ኪራዩ ውስጥ ይሁን፣ ግን ጣሪያ ይኑረው። ውሉ ላይ «በወር እስከዚህ ኪሎዋት ሰዓት በአከራይ፣ ከዚያ ያለፈው በተከራይ» ተብሎ ይጻፍ። ቁልፍ ስትረካከቡ ቆጣሪውን ሁለታችሁም ፎቶ አንሱት። ይህን ያላደረገ በኋላ «ስንት ላይ ነበር?» እያለ ይጨቃጨቃል።

አከራይዋ፦ ለመብራቱ እስማማለሁ። የኔ ሕንፃ ግን የድሮ ነው፤ ውሃው ለኩሽናውና ለሻወሩ በተለያየ ቧንቧ ቀጥ ብሎ ነው የሚወጣው። ለአንድ ቤት ሁለት ቆጣሪ ልገጥም ነው? ሕጉ ያስገድድ የምትሉ፣ የቧንቧውን ወጪ በማን ላይ ልትጥሉት ነው?