የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሃይድሬት አንዴ በ40 ደቂቃ፣ አንዴ ከ6 ሰዓት በኋላ የሚጀምረው ለምንድን ነው?

ኮዬ ማዶ፦
ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ሲሆን፣ ለማስተርስ መመረቂያ ጽሑፌ ከሰፈሬ ብዙም በማይርቅ ቤተ ሙከራ ውስጥ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሃይድሬት (የውሃ ሞለኪውሎች ጋዙን በመካከላቸው ይዘው የሚሠሩት በረዶ መሰል ክሪስታል) የሚፈጠርበትንና የሚያድግበትን ፍጥነት እየለካሁ ነው። 500 ሚሊ ሊትር በሚይዝ የማይዝግ ብረት ዕቃ ውስጥ 150 ሚሊ ሊትር ዲስቲልድ ውሃ እጨምራለሁ። ዕቃውን 2 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ የማቀዝቀዣ ገንዳ ውስጥ አስቀምጬ፣ መለኪያው 30 ባር እስኪያሳይ ጋዝ ከሞላሁ በኋላ ቫልቩን ዘግቼ ማማሰያውን አስነሳለሁ።

ችግሬ ሁለት ነው። ምንም ሳልቀይር ሰኞ ዕለት ሃይድሬቱ በ40 ደቂቃ ሲጀምር፣ ረቡዕ ከ6 ሰዓት በላይ አስጠበቀኝ። ሐሙስ ደግሞ መብራት ጠፍቶ ገንዳው ወደ 13 ዲግሪ በመሞቁ የተፈጠረው ሁሉ ቀለጠ፤ መብራቱ ተመልሶ ውሃው ሲቀዘቅዝ ግን በ10 ደቂቃ ውስጥ እንደገና ጀመረ። ሁለተኛው ችግር የግፊቱ ነገር ነው፦ ከ30 ወደ 22 ባር ወርዶ ይረጋጋል፣ ሃይድሬቱ ሲጀምር እንደገና ይወርድና 16.5 ላይ ይቆማል። አማካሪዬ ዕቃው እንዳያፈስ ፈትሺ ስላሉኝ መጋጠሚያዎቹን ሁሉ በሳሙና አረፋ ፈትሼ ምንም አላገኘሁም። ጉድለቱ የመሣሪያው ነው ወይስ የእኔ?

ቀዝቃዛ ውሃ፦
እህቴ፣ የመጀመሪያው ጉድለት አይደለም። ፍሪዘር ውስጥ የተረሳ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ፈሳሽ እንደሆነ ቆይቶ፣ ክዳኑ ሲከፈት ከላይ እስከ ታች በአንድ ጊዜ በረዶ ሲሆን አይተሽ ከሆነ ነገሩ ከዚያ ጋር ይቀራረባል። ውሃው ለመለወጥ ዝግጁ ቢሆንም፣ ሞለኪውሎቹ ተሰባስበው የሚሠሯቸው ጥቃቅን ዘሮች የተወሰነ መጠን ላይ እስካልደረሱ ድረስ መልሰው ይፈርሳሉ፤ ያን መጠን የሚያልፈው የመጀመሪያው ዘር መቼ እንደሚገኝ የሚወስነው ዕድል ነው። ስለዚህ አንድ የመጠበቂያ ጊዜ ብቻውን ብዙ አይናገርም። ሙከራውን ደጋግመሽ የጊዜዎቹን ስርጭት አቅርቢ እንጂ አማካዩን ብቻ አትጻፊ።

የሐሙሱ ፍጥነት ደግሞ የውሃው «ትውስታ» የሚባለው ነው። ቀደም ሲል ሃይድሬት የነበረበት ውሃ በመጠኑ ብቻ ከሞቀ ዳግም ለመጀመር ይፈጥናል። ምክንያቱ ላይ ተመራማሪዎች አልተስማሙም፦ ከፊሎቹ የቀሩ የሞለኪውል ስብስቦች ናቸው ሲሉ፣ ከፊሎቹ በውሃው ውስጥ የቀረውን ጋዝና ጥቃቅን አረፋዎቹን ይጠቅሳሉ። በየሙከራው ውሃውን ብትቀይሪ ከዚህ ጣጣ ትገላገያለሽ። የሐሙሱን ውጤት ከሰኞውና ከረቡዑ ጋር በአንድ ሠንጠረዥ አትቀላቅዪው።

ግፊቱ 16.5 ላይ የሚቆመው በውሃውና በጋዙ መካከል የሃይድሬት ስስ ሽፋን ስለሚጋረድ ይመስለኛል።

ባለግፊት፦
በቀዝቃዛ ውሃ የመጀመሪያ መልስ እስማማለሁ፤ በመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ግን አልስማማም። ሽፋኑ ዕድገቱን ማዘግየቱ እውነት ነው፣ በተለይ ውሃው ካልተማሰለ። ነገር ግን እዚህ ግፊቱ ዘገየ ሳይሆን ቆመ ነው የተባለው።

ከ30 ወደ 22 የወረደው በሃይድሬት ምክንያት አይደለም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከሜቴን እጅግ አብልጦ ይሟሟል፤ ያን ውረድ በዕድገት ፍጥነት ስሌት ውስጥ ካስገቡት ስሌቱ ሁሉ ይበላሻል። የሃይድሬቱ መነሻ የሚታወቀው በሙቀቱ ነው፦ አንድ ሞል ጋዝ ሃይድሬት ሲሆን 60 ኪሎ ጁል ገደማ ስለሚለቅ፣ በውሃው ውስጥ ያለ ቴርሞኮፕል (በሽቦ የሚሠራ የሙቀት መለኪያ) ንባቡ በዚያች ቅጽበት ወደ ላይ ይዘላል።

ቀጥሎ መለኪያዎ የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ግፊት 0.77 ባር ገደማ ስለሆነ እሱን ይደምሩ፤ ብዙ ተማሪ በልማድ 1 ይደምራል። ስለዚህ 16.5 ያሉት በእውነቱ 17.3 ነው። በ2 ዲግሪ ሃይድሬቱ ከጋዙ ጋር የሚመጣጠንበት ግፊት ከ15 እስከ 16 ባር፣ በ3 ዲግሪ ደግሞ 17.5 ገደማ ነው። ስለዚህ ውሃዎ 2 ዲግሪ ሳይሆን ወደ 3 የተጠጋ ይመስላል፤ ሃይድሬቱም የቆመው የሚገፋው ትርፍ ግፊት ስላለቀ ነው። ቴርሞሜትሩ ያለው ገንዳው ውስጥ ነው ወይስ ዕቃው ውስጥ?

ውሃው በሙሉ ሃይድሬት ይሆናል ብለውም አይጠብቁ። በሃይድሬቱ ክሪስታል ውስጥ 46 የውሃ ሞለኪውሎች ቢበዛ 8 የጋዝ ሞለኪውሎችን ይይዛሉ፤ 150 ሚሊ ሊትሩ ለመሙላት 1.45 ሞል ጋዝ ሲፈልግ፣ እርስዎ የዘጉበት 0.6 ሞል ገደማ ብቻ ነው። የዕድገቱን ፍጥነት በትክክል ለመለካት ከሲሊንደሩ በሬጉሌተር እየመገቡ ግፊቱን ቋሚ ያድርጉት፤ የተበላውን ጋዝ የሚመዘግቡት ከመጋቢው በኩል ይሆናል።

ኮዬ ማዶ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ቴርሞሜትሩ ገንዳው ውስጥ ነበር። ቴርሞኮፕል በክዳኑ አሳልፌ ውሃው ውስጥ ሳስገባ፣ ገንዳው 2 ዲግሪ ሲል ውሃው 2.8 ነበር፤ ክዳኑ ከገንዳው ውጭ ስለሆነ ከክፍሉ ሙቀት እየሳበ ኖሯል። ክዳኑን በስፖንጅና በፕላስቲክ ጠቅልዬ ዛሬ በአዲስ ውሃ ስደግመው ሙቀቱ 2.3 ሆነ፣ መለኪያውም 15.3 ላይ ቆመ። መነሻውን ለማየት 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ጠብቄያለሁ። ሬጉሌተር እስካገኝ ድረስ የመጠበቂያ ጊዜዎቹን መሰብሰብ እቀጥላለሁ።