የሃይድሮሊክ ፓምፕ ሞላ ለብቻው ይገኛል?
ሰላም ወገኖች። የምጽፈው ከጅሩ፣ ከእነዋሪ ከተማ ነው። የትራክተራችን ሃይድሮሊክ (በዘይት ግፊት የሚያነሳው ክፍል) ማረሻ ማንሳት አቃተው። ባዶውን እያንገራገረ ይነሳል፤ ማረሻ ሲታሰርበት ግን ንቅንቅ አይልም። ዘይቱ ሙሉ ነው፣ ማጣሪያውም ንጹህ። ፓምፑን ስንፈታ የአንዱ ቫልቭ ሞላ ተሰብሮ አገኘነው። ሞላው ካልገፋው ቫልቩ በደንብ አይዘጋም፣ ዘይቱም ወደ ኋላ ይመለሳል። ጉልበት ያጣው ለዚህ ይመስለኛል።

ደብረ ብርሃን ስጠይቅ ሙሉ ፓምፕ ግዛ አሉኝ። ለአንዲት ሞላ! አንድ መካኒክ ደግሞ ከሌላ ሞላ ቆርጠን እንግጠም ይላል። ይሄ አልተዋጠልኝም። ርዝመቱ ቢመጣ እንኳ የሽቦው ውፍረት ከተለየ ግፊቱ አንድ አይሆንም።

የሠራችሁበት ካላችሁ፣ ሞላው ብቻውን መርካቶ ይገኛል? የሌሎቹንስ ቫልቮች ሞላ አብሬ ልቀይር? የቫልቩ መቀመጫም ትንሽ ተቧጭሯል፤ አሽቶ ማስተካከል ይበቃል? የጅሩ ጥቁር አፈር ዝናብ ከጠጣ ትራክተር አያስገባም፣ እባካችሁ ቶሎ በሉኝ።