ጠዋት የሚበራው የጎማ መብራት ከሰዓት ይጠፋል፤ ምን ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ከማራኪ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ያለችኝ በ2015 እ.ኤ.አ. የተሠራች፣ ከአውሮፓ ያገለገለች የገባች የቤት መኪና ናት። ከኅዳር ወዲህ ጠዋት ሞተር ሳስነሳ ከፍጥነት መቁጠሪያው አጠገብ አንዲት ቢጫ መብራት ትበራለች፤ ከላይ ክፍት የሆነ ቅንፍ፣ መካከሉ ላይ የቃለ አጋኖ ምልክት ያለው። ከጎንደር ማራኪ ሰፈር ተነሥቼ አዘዞ ስደርስ ትጠፋለች። ማታም አትታይም። በማግስቱ ጠዋት ግን ተመልሳ ትመጣለች።

አንድ ጎሚስታ ቤት ወሰድኳት። ሠራተኛው የጎማውን ጎን አነበበና «44 ይላል፤ 44 እንሙላው» አለኝ። ጎማው ድንጋይ እንዳይሆን ፈርቼ አስቆምኩት። ከዚያ አንድ መካኒክ ሳማክር «ሴንሰሩ አርጅቶ ነው፤ መብራቷን ላጥፋልሽ» አለኝ። ሁለቱም እርግጠኛ ሆነው ነው የሚናገሩት፤ እኔ ግን የማንን ልመን?

ለጥምቀት እንግዶች ይመጡብኛል። ከበዓሉ በኋላ አምስት ሆነን፣ ሻንጣም ጭነን፣ ደባርቅ ልንወጣ አስበናል። መብራቷ እውነቷን ከሆነ ከዚያ በፊት መፍትሔ እፈልጋለሁ።

መልስ፦ የአዘዞው ጎሚስታ

ልጄ፣ መብራቷን እንዳታስጠፊያት። 44 እንዳይሞላ ማስቆምሽም ደግ አደረግሽ። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ጎማው የሚችለው የመጨረሻው ልክ ነው እንጂ ለአንቺ መኪና የሚገባው አይደለም። ያው ጎማ በብዙ ዓይነት መኪና ላይ ይገጠማል፤ የጎማው ፋብሪካ የአንቺ መኪና ስንት እንደምትመዝን ከየት ያውቃል? የሚያውቀው መኪናዋን የሠራው ነው፤ እሱም ጽፎ ለጥፎታል። የሾፌሩን በር ክፈችና በሩ ሲዘጋ የሚያርፍበትን ምሰሶ ተመልከች። እዚያ ካጣሽው የነዳጅ መሙያው ክዳን ውስጥ ፈልጊ። የፊትና የኋላው፣ ሰው ሲሞላና ሳይሞላ፣ ተለይቶ ታገኚዋለሽ። 2.3 ባር ቢል ወይም 230 ኪሎ ፓስካል ቢል ሁለቱም 33 ፒኤስአይ ገደማ ነው። እኛ ጋ ያለው መለኪያ በአብዛኛው በፒኤስአይ ስለሆነ ቁጥሩን ቀይረሽ ያዢ።

አሁን ደግሞ ሰዓቱ። አብዛኛው ሰው ወደ እኔ የሚመጣው በቀትር ነው፤ ከተማውን ሲዞር ውሎ፣ ጎማው እጅ እያቃጠለ። በዚያ ሰዓት 33 ብሞላለት ንጋት ላይ 28 ቢያገኘው አይገርመኝም። ጎማ የሚለካው ሲበርድ ነው፤ መኪናዋ ቢያንስ ለሦስት ሰዓታት ቆማ፣ ወይም ከአንድ ኪሎ ሜተር ተኩል በላይ ሳትሄድ። ስለዚህ መለኪያ ገዝተሽ ዳሽቦርድ ውስጥ አስቀምጪ፤ ዋጋው ቀላል ነው። ነገ ጠዋት ከግቢ ሳትወጪ አራቱንም ለኪና ጻፊልን። ያለ ቁጥር ብንነጋገር ሁላችንም ገማች ነን።

መልስ፦ ፊዚክስ አስተማሪ

የአዘዞው ጎሚስታ ምክር ትክክል ነው፤ ምክንያቱን ልጨምርልዎ። በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያለ አየር ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይወርዳል። በመኪና ጎማ ሲሰላ ሙቀቱ በ6 ወይም በ7 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር አንድ ፒኤስአይ ገደማ ይወርዳል። የእኛ ከተማ የበጋ ንጋት ወደ 11 ዲግሪ ይጠጋል፤ ቀኑ 27 ይደርሳል። በጥላ ቆማ የዋለች መኪና እንኳ በዚህ ልዩነት ብቻ ሁለት ፒኤስአይ ከፍና ዝቅ ትላለች። ሲነዱ ደግሞ ጎማው እየታጠፈና እየተዘረጋ ስለሚሄድ ከውስጥ ይሞቃል፤ ሦስትና አራት ፒኤስአይ ይጨምራል። የእርስዎ መብራት አዘዞ ሲደርሱ የምትጠፋው በዚህ ነው። ንፋሱ ተመልሶ አልሞላም፤ ሞቀ እንጂ። መብራቷ የምትበራበት ድንበር ላይ የቆመ ጎማ አለዎት ማለት ነው፤ ጠዋት ከድንበሩ በታች ይሆናል፣ ከሰዓት በላይ።

ይህ ድንበር የት ነው ለሚለው፣ በአሜሪካ ሕግ በመኪናው ላይ ከተለጠፈው ልክ 25 በመቶ ሲቀንስ ነው፤ በአውሮፓ 20 በመቶ ገደማ። 33 ለሚል መኪና 25 ወይም 26 አካባቢ ይሆናል። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው፦ መብራቷ የምትናገረው ዘግይታ ነው። 28 ላይ ያለ ጎማ መብራት አያበራም፤ ግን አምስት ፒኤስአይ ጎድሎታል፤ ነዳጅ ይበላል፣ ዳርና ዳሩም ያልቃል። «መብራት ስላልበራ ደህና ነው» ማለት አይቻልም። በወር አንድ ጊዜ በመለኪያ ማየት ግዴታ ነው።

መልስ፦ የመተማ መስመር ሾፌር

እኔ የምናገረው ስለ ቆላው ነው፤ ወደዚያ የምትወርዱ ካላችሁ እንዲጠቅማችሁ። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ መተማ 700 ሜትር ገደማ። ጠዋት እዚህ ልክ የሞላ ጎማ ከገንዳ ውሃ በታች አስፋልቱ ሲግል አምስትና ስድስት ፒኤስአይ ይጨምራል። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ የጎማው አሠራር ይህንን ያውቀዋል። «በዛ» ብሎ ማስተንፈስ ግን አደጋ ነው። ያስተነፈሰው ሰው በማግስቱ ብርድ ላይ ጎድሎት ያገኘዋል፤ በጎደለ ጎማ ደግሞ ቆላ መንዳት ማለት የጎማው ጎን ያለ ልክ እየታጠፈ መንደድ ማለት ነው። መንገድ ዳር የምናያቸው የተላጡ ጎማዎች ብዙዎቹ ንፋስ በዝቶባቸው አይደለም፣ አንሷቸው ነው።

ጠያቂዋ፦ ከማራኪ

እግዚአብሔር ያክብርልኝ። መለኪያ ገዛሁ። በበሩ ምሰሶ ላይ ለፊትም ለኋላም 2.3 ባር ይላል፤ ሙሉ ሰው ሲጫን ለኋላ 2.6። ዛሬ ጠዋት ከግቢ ሳልወጣ ለካሁ፤ የፊቶቹ 30 እና 29፣ የኋላ ግራው 29፣ የኋላ ቀኙ 24። ሁሉንም 33 አስሞልቻለሁ። ጥያቄዬ፣ የኋላ ቀኙ ብቻ ለምን ለብቻው ወረደ? በዓይን ሲታይ ከሌሎቹ ምንም አይለይም። አራቱንም ዙሪያቸውን ዳሰስኳቸው፣ ምስማርም የለም።

መልስ፦ የአዘዞው ጎሚስታ

ተገኘች። ሦስቱ እኩል የወረዱት በብርድና በጊዜ ነው፤ ደህና ጎማም ቢሆን በወር አንድ ፒኤስአይ ገደማ ይለቃል። ለብቻው ከሌሎቹ በአምስት በልጦ የወረደው ግን የሚያስተነፍስበት ቦታ አለው። በዓይን አይታይም ያልሽው እውነት ነው፤ የዛሬ ጎማ ጎኑ ጠንካራ ስለሆነ ሩቡን ንፋስ አጥቶም ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ሳሙና በውኃ አረፋ አድርገሽ በብሩሽ ቀቢው። መጀመሪያ ቫልቩ ላይ፣ ክዳኑን ፈትተሽ አፉ ላይ፣ ከዚያ ቫልቩ ቸርኬው ውስጥ በሚገባበት ሥሩ ዙሪያ። ቀጥሎ ጥርሱን ሁሉ፣ መኪናዋን ትንሽ እያንቀሳቀስሽ። በመጨረሻ ጎማው ከቸርኬው ጋር የሚገጥምበትን ዳር፣ በውጭም በውስጥም በኩል። ቀዳዳው ትልቅ ከሆነ አረፋው ይነፋል፤ ደቃቅ ከሆነ ግን ነጭ ቅንጣት ብቻ ነው የሚያወጣው፣ በቀስታ፣ እንደ ቡና አረፋ። ስለዚህ ቀብተሽ ወዲያው አትሂጂ፤ ጥቂት ደቂቃ ታገሺው።

ጥርሱ ላይ ከሆነ ይጠገናል። ከውጭ የሚሰካው ፈጣን ነው፤ ጎማውን አውልቆ ከውስጥ የሚለጠፈው ግን ይበልጣል፤ ጎድሎ ከተነዳ የውስጡ ጎን መላጡን ለማየትም ያስችላል። ጎኑ ላይ ከሆነ አይጠገንም፤ «እችላለሁ» የሚልሽን አትስሚ። ከመነዳሪ (የውስጥ ላስቲክ) አስገብቼ ልገላግልሽ የሚልሽንም ጠይቂው፦ ሴንሰር ያለበት ቸርኬ ነው፣ ሴንሰሩን የት ሊያደርገው ነው?

ጎማው ሲወልቅ ለሠራተኛው «ቫልቩ ሥር ሴንሰር አለ» ብለሽ አስቀድመሽ ንገሪው። ብረቱን ያለ ጥንቃቄ እዚያ ካሳለፈ ይሰብረዋል።

መልስ፦ የአውቶ ኤሌክትሪክ ባለሙያ

ስለ መብራቷ አሠራር ትንሽ ልበል፤ «ሴንሰሩ አርጅቶ ነው» የሚለው መልስ ብዙ ሰው እያሳሳተ ስለሆነ። አሠራሩ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በየቸርኬው ውስጥ ትንሽ ሴንሰር አለው፤ ንፋሱን ለክቶ በሬዲዮ ሞገድ ለመኪናዋ ኮምፒውተር ይልካል። ሁለተኛው በጎማ ውስጥ ምንም የለውም፤ የፍሬኑ መቆጣጠሪያ ጎማዎቹ ስንት ጊዜ እንደሚዞሩ ስለሚቆጥር ያንን ይጠቀማል። ንፋስ ያነሰው ጎማ ዙሪያው ትንሽ ስለሚያጥር ከጓደኞቹ በለጥ ብሎ ይዞራል፤ ኮምፒውተሩ ልዩነቱን አይቶ መብራት ያበራል። የዚህኛው ድክመት አራቱም እኩል ሲወርዱ ላያውቅ መቻሉ ነው።

የእርስዎ መኪና የመጀመሪያው ዓይነት ይመስለኛል፤ ጎማው ሲሞቅ መብራቷ በራሷ መጥፋቷ ይህን ያሳያል። በዚህኛው ንፋሱ ከተስተካከለ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ሲነዱ ይጠፋል። ሁለተኛው ዓይነት ያላችሁ ግን ንፋሱን በብርዱ ሞልታችሁ ቁልፏን ተጭናችሁ ወይም ከማውጫው ገብታችሁ «ይህ ትክክለኛው ልክ ነው» ብላችሁ ማስመዝገብ አለባችሁ። ንፋስ ሳይሞሉ ያንን ቁልፍ መጫን ክልክል ነው፤ መኪናዋ የጎደለውን ልክ ትክክል ነው ብላ ትይዘዋለች።

ሴንሰር ሲበላሽ ምልክቱ ሌላ ነው። ሞተር ሲነሣ መብራቷ ለአንድ ደቂቃ ወይም ትንሽ ለሚበልጥ ጊዜ ብልጭ ድርግም ትላለች፤ ከዚያ ሳትጠፋ በርታ ትቀራለች። የሴንሰሩ ባትሪ ከ5 እስከ 10 ዓመት ያገለግላል፤ የታሸገ ስለሆነ ባትሪው ብቻ አይቀየርም፣ ሴንሰሩ ሙሉ ይለወጣል። አዲሱም በመሣሪያ ከኮምፒውተሩ ጋር መተዋወቅ አለበት። የ2015 መኪና ስለሆነች ይህም ቀኑ ሩቅ አይደለም። ሲሆን ግን የሚበራው እንዲህ እየተርገበገበ ነው።

መብራቷን ስለማጥፋት ደግሞ፦ አሜሪካ ይህን ሥርዓት ያስገደደችው በ2000 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ነው፤ ጎማ በመንገድ ላይ እየተላጠ መኪኖች ተገልብጠው ብዙ ሰው ከሞተ በኋላ። አውሮፓ ከኅዳር 2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአዲስ የቤት መኪኖች ሁሉ ላይ አስገድዳለች። ሰው የሞተበትን ትምህርት በአንድ ሽቦ መቁረጥ አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ከአራዳ

እግረ መንገዴን ልጠይቅ። የኤሌክትሪክ መኪና ነው ያለኝ፤ ዳሽቦርዱ የአራቱን ጎማ ቁጥር ያሳያል። ከተለጠፈው ልክ ባነሰ ባደርገው ለኮረኮንቹ አይመችም?

መልስ፦ የአውቶ ኤሌክትሪክ ባለሙያ

አይሆንም ወንድሜ። ባትሪው ከባድ ስለሆነ የኤሌክትሪክ መኪና ልኩ ብዙውን ጊዜ ከቤንዚኑ ከፍ ያለ ነው። ካጎደሉት ጎማው ቶሎ ያልቃል፣ በአንድ ቻርጅ የሚሄዱበት ርቀትም ያጥራል። ለኮረኮንቹ ፍጥነት ይቀንሱ።

ጠያቂዋ፦ ከማራኪ

ተገኘ። ቫልቩ ንጹሕ ነው፤ ጥርሱም ንጹሕ። አረፋው የወጣው ከቸርኬው ዳር ነው፣ በውስጠኛው በኩል፣ የእጅ መዳፍ በምታህል ቦታ ላይ፤ ቅንጣት ቅንጣት ብሎ እንደ ነጭ ክር ተሰለፈ። ጎሚስታው ጎማውን ሲያወልቀው አሉሚኒየሙ በዚያ ቦታ ነጭ ዱቄት አውጥቶ ሻክሯል። በሽቦ ብሩሽ ጠርጎ፣ አለስልሶ፣ መልሶ ገጠመው። ሴንሰሩንም አሳየኝ፤ እንደተባለው ቫልቩ ሥር ነው ያለው፤ ደህና ነው። የጎማው የውስጥ ጎንም አልተላጠም። ዛሬ ጠዋት በብርዱ ስለካው 33 ላይ ነው፤ መብራቷም አልበራችም። ለደባርቁ ጉዞ ኋላውን 2.6 ላድርገው? ከፍታውስ ለውጥ አለው?

መልስ፦ ፊዚክስ አስተማሪ

ደባርቅ ከጎንደር በ700 ሜትር ገደማ ይበልጣል። ሲወጡ የውጭው አየር ስለሚሳሳ መለኪያው አንድ ፒኤስአይ ገደማ ከፍ ብሎ ያነባል፤ የደባርቅ ብርድ ደግሞ መልሶ ያወርደዋል። ለከፍታው ብለው ምንም አይንኩ።

መልስ፦ የአዘዞው ጎሚስታ

ለሰው ብዛቱ ግን ንኪ። አምስት ሰውና ሻንጣ ካለ የኋላውን 2.6 አድርጊ፤ 38 ማለት ነው፤ ከጎንደር ሳትወጪ፣ በጠዋት። ስትመለሱ ወደ 33 መልሺው። የኋላ ቀኙን ለሳምንት ያህል በየጠዋቱ ለኪ፤ ቸርኬው ዳግም ሊያወጣ ይችላልና።

ስኮርታውንም አትርሺ። ሰው ሁሉ የሚረሳት እሷን ነው፤ ሴንሰርም ብዙ ጊዜ የላትም፣ መብራት አያስጠነቅቅላትም። ቀጭኗ ጊዜያዊ ዓይነት ከሆነች ልኳ ብዙውን ጊዜ 60 ፒኤስአይ ነው፣ እላይዋ ላይ ተጽፏል፤ በእሷ ከ80 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ አይነዳም። ክሪኩና የቡሎን ቁልፉ ከቦታቸው መኖራቸውንም በዚያው እዪ።