ክትትል ያቋረጡ ታካሚዎች በሰርቫይቫል ትንተና (እስከ አንድ ክስተት፣ ለምሳሌ እስከ ሞት፣ ያለውን ጊዜ በሚያጠና ትንተና) እንዴት ይያዙ?

ጠያቂ፦
የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት የጀመሩ አዋቂዎችን መረጃ ከካርድ እየሰበሰብን ነው፤ የምንለካው ሞትን ነው። ከፊሎቹ ወደ ሌላ ጤና ጣቢያ ተዛውረዋል፣ ከፊሎቹ ጠፍተዋል። የጠፉትን ከነጭራሹ ላውጣቸው ወይስ ሴንሰር ላድርጋቸው (ቆይታቸውን እስከ አንድ ቀን ቆጥሬ ከዚያ በኋላ ያለውን እንደማይታወቅ ልያዘው)? ሴንሰር ከሆኑስ በየትኛው ቀን?

መላሽ 1፦
ኧረ እንዳታወጣቸው! 14 ወር ቆይቶ የጠፋ ሰው ቢያንስ ለ14 ወር በሕይወት እንደነበር ታውቃለህ። ቀኑ መጨረሻ የታየበት ቀጠሮ ነው፤ ጥናቱ የተዘጋበት ቀን አይደለም።

በካፕላን–ማየር ስሌት (በእያንዳንዱ ሞት ጊዜ የተረፉትን ድርሻ እያባዛ በሕይወት የመቆየት ዕድልን በሚያሰላው) እየው። 10 ሰዎች አሉ እንበል። በ3ኛው ወር አንድ ሞተ፤ 9/10 = 0.90። በ5ኛው ወር ሁለት ጠፉ፤ መስመሩ አይወርድም፣ በክትትል ላይ ያሉት ግን 7 ይሆናሉ። በ6ኛው ወር አንድ ሞተ፤ 0.90 × 6/7 = 0.77። ሁለቱን ከመጀመሪያው ብታወጣቸው 0.75 ይመጣል፤ ሞቱን አጋነንክ። እስከ መጨረሻ እንደቆዩ ብትቆጥራቸው ደግሞ 0.80፤ ሞቱን አሳነስክ።

መላሽ 2፦
ስሌቱ ልክ ነው፤ ግን ካፕላን–ማየርም ሆነ የኮክስ ሞዴል (የመሞት ዕድልን ከታካሚው ሁኔታ ጋር የሚያያይዘው) የጠፋውና የቀረው ሰው የመሞት ዕድላቸው አንድ ነው ብለው ይነሳሉ። እዚህ ላይ በጣም ተጠንቀቅ። ከጠፉት መካከል ቤታቸው የሞቱ፣ ለክሊኒኩም ማንም ያልነገረላቸው ይኖራሉ። ስለዚህ የተዛወረውንና የጠፋውን በአንድ ኮድ አትጠቅልላቸው።

ጠያቂ፦
ስልካቸው ካርዱ ላይ አለ፤ ሁሉንም መፈለግ ግን አንችልም።

መላሽ 2፦
ሁሉንም አያስፈልግም። ከጠፉት ከየ5ቱ አንዱን በዕጣ ምረጥና እነሱን አጥብቀህ ፈልግ፤ በስልክ ካልተገኙ በቤት ለቤት ጉብኝት። የተገኘው ሰው በትንተናው የ5 ሰው ክብደት ይይዛል። ስልክ ያነሳውን ብቻ ከወሰድክ ግን ዕጣው ዋጋ የለውም፤ የሞተ ሰው ስልክ አያነሳም። ይህ ካልተቻለ ሁለት ጊዜ ተንትን፦ አንዴ የጠፉት ሁሉ በመጨረሻ ቀጠሯቸው ማግስት እንደሞቱ፣ አንዴ ሁሉም እስከ ጥናቱ መዝጊያ እንደኖሩ። መደምደሚያህ ከተገለበጠ ሁለቱንም ውጤት ጻፍ።

መላሽ 3፦
ውጤትህ ሞት ሳይሆን መጥፋት ቢሆን ኖሮ፣ ሞት ሴንሰር ሳይሆን ተፎካካሪ ክስተት (ዋናው ውጤት እንዳይደርስ የሚያደርግ ሌላ ክስተት) ይሆን ነበር።

የካርዱን ቀንም ከመቀነስህ በፊት ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ቀይር። ስታታም ሆነ አር (የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሮች) 30/2ን ጥቅምት ሳይሆን ፌብሩዋሪ ብሎ ስለሚያነበው የጥቅምት 30 ቀጠሮ ባዶ ይሆናል፤ ጳጉሜንም 13ኛ ወር ስለሆነች አትነበብም። የቆይታ ጊዜው ኔጌቲቭ የሆነ ካለ ካርዱን መልሰህ አውጣ።